ለንባብ ብቻ የተሠራው መሣሪያ እንዴት በታብሌት ተሸነፈ?

አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። እነዚሁ አበው ዞር ብለው ደግሞ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ሲሉ ይመክራሉ። የትኛውን እንስማ? አንድ ሥራ ብቻ ይዞ እርሱን አሳምሮ መሥራት ይሻላል ወይስ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ መቋደስ? ጥያቄው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለዕቃም ይሆናል። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ወረቀት የሌለውን መጽሐፍ ለማንበብ የተሠሩት መሣሪያዎች ታሪክ በአጭሩ ሲታይ የእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ሙግት ነው።

በአንድ ወገን የቆመው ለንባብ ብቻ የተሠራው መሣሪያ ነው። ከመጽሐፍ በቀር ሌላ አያውቅም፤ ፊልም አያሳይም፣ ወሬ አያመጣም። በሌላው ወገን ያለው ታብሌት ነው። እርሱ ሁሉን ይሞክራል፤ በመካከሉ መጽሐፍም ያስነብባል። ሙግቱ ሲጀመር ስለ ዓይን ጤንነትና ስለ ባትሪ ዕድሜ ነበር። ዛሬ መለስ ብለን ስናየው ግን ፍርዱን የሰጠው ዓይንም ባትሪም አልነበረም። ለእኛ ለግዕዝ ፊደል አንባቢዎች ደግሞ ነገሩ ከዕቃ ምርጫ አልፎ ሌላ መልክ አለው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ዳዊት በማኅደር

ለንባብ ብቻ የተሰናዳና በትከሻ የሚንጠለጠል ዕቃ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ትልቁ መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያን በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ ሲነበብ፣ ትንሹ ዳዊት በቆዳ ማኅደር ተከቶ ከባለቤቱ ጋር ይጓዛል። ባለቤቱ አረፍ ሲል አውጥቶ ይደግማል፤ ሲጨርስ መልሶ ይከተዋል። ማኅደሩ ውስጥ ከዳዊት በቀር የሚያናግረው የለም። ኮምፒዩተርን ወደ መጽሐፍነት ለመለወጥ የተነሡት ሰዎች ግን ከመጀመሪያው የተለያየ ሕልም ነበራቸው።

መጽሐፉ ከመሣሪያው ቀድሞ ተወለደ። ጁላይ 4 ቀን 1971 ማይክል ሃርት የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ላይ ተየበ። ሐሳቡ ሰው ሁሉ በነፃ እንዲያነበው ነበር። ይህ ጅምር «ፕሮጀክት ጉተንበርግ» ተብሎ፣ ሃርት በ2011 እስኪሞትና ከዚያም ወዲህ፣ የቅጂ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን ለዓለም ሲያድል ኖሯል። ችግሩ ያኔ ኮምፒዩተር ማለት ክፍል የሚሞላ ዕቃ መሆኑ ነበር። መጽሐፍ በትከሻ ይንጠለጠላል፤ ክፍል አይንጠለጠልም።

በዓመቱ፣ በ1972፣ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል የሚሠራው አለን ኬይ «ዳይናቡክ» ብሎ የሰየመውን ዕቃ በወረቀት ላይ ነደፈ። መጠኑ ከደብተር የማይበልጥ፣ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ የማያልፍ፣ ሕፃናት ይዘውት ወጥተው የሚያነቡበት፣ የሚጽፉበት፣ የሚስሉበትና የሚጫወቱበት ሰሌዳ ነበር የታየው። ዳይናቡክ በዘመኑ አልተሠራም፤ ቴክኖሎጂው ገና አልደረሰም። ይሁንና የዛሬው ታብሌት አያት እርሱ ነው። የኬይ ሰሌዳ ከመነሻው ሁሉን አድራጊ ሆኖ እንደተፀነሰ ልብ እንበል።

ለንባብ ብቻ የሚሆነውን ዕቃ ያመጡት ነጋዴዎች ናቸው። የጃፓኑ ሶኒ በ1990 መዝገበ ቃላትና ኢንሳይክሎፒዲያ ከትንሽ ዲስክ ላይ የሚያስነብብ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አወጣ። በ1998 ደግሞ በአሜሪካ «ሮኬት ኢቡክ» እና «ሶፍትቡክ» የተባሉ ሁለት መሣሪያዎች ለገበያ ቀረቡ። ሮኬት ወደ 10 የሚጠጉ ልብ ወለዶችን ይይዝ ነበር። ሶፍትቡክ የቆዳ ሽፋን ነበረው፤ ማኅደር መሆኑ ነው እንግዲህ! ሁለቱም አልቀናቸውም። ዋጋቸው ውድ፣ ስክሪናቸው ለዓይን የማይመች፣ የሚገዛላቸው መጽሐፍም ጥቂት ነበር። በ2000 ሁለቱንም አንድ ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛቸው፤ በ2003 ሥራው ተዘጋ። የሮኬት መሥራቾች ማርቲን ኤበርሃርድና ማርክ ታርፔኒንግ በዚያው ዓመት ፊታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙረው ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ቴስላን መሠረቱ።

ቀለሙ ራሱ ሲንቀሳቀስ

የእነዚህ መሣሪያዎች ትልቁ ጉድለት ብርሃን ነበር። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከፀሐይ ወይም ከመብራት ያገኘውን መልሶ ይሰጣል። የኮምፒዩተር ስክሪን ግን ከጀርባው አምፑል ይዞ ወደ አንባቢው ዓይን ያበራል። ከቤት ውጭ ፀሐይ ስትመታው ደግሞ ይደበዝዛል።

ይህን ለመፍታት የተነሣው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) የሚዲያ ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ጄኮብሰን ነው። ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ በ1997 «ኢ ኢንክ»፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ቀለም፣ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ብልሃቱ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የፀጉር ውፍረት ያህል ስፋት ባላቸው ጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይዋኛሉ። ነጩና ጥቁሩ የተሸከሙት የኤሌክትሪክ ሙል ተቃራኒ ስለሆነ፣ ከሥር ኤሌክትሪክ ሲሰጥ አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ጥቁሩ በወጣበት ፊደል ይታያል፤ ነጩ በወጣበት ወረቀቱ። አንዴ ከተሠለፉ በኋላ ገጹ እስኪገለበጥ ድረስ ኤሌክትሪክ አይሹም። ባትሪው ለሳምንታት የሚቆየው ለዚህ ነው።

ሶኒ ይህን ቀለም ይዞ በ2004 በጃፓን «ሊብሪዬ» የተባለ መሣሪያ አወጣ። ዓይን የሚያሳርፍ ዕቃ ነበር፤ መጽሐፎቹ ግን ለኪራይ እንጂ ለሽያጭ አልቀረቡም። ገንዘብ ተከፍሎባቸው በ60 ቀን ውስጥ ይዘጉ ነበር። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ቀን የሚቆጠርበትን መጽሐፍ መቼ ይወዳል?

የተዋጣለት አማዞን ነው። ኖቬምበር 19 ቀን 2007 ጄፍ ቤዞስ «ኪንድል»ን በኒው ዮርክ አስተዋወቀ። ዋጋው 399 ዶላር፣ ክብደቱ 290 ግራም ያህል፣ ወደ 200 መጻሕፍት የሚይዝ ነበር። የመጀመሪያው ክምችት በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተሽጦ አለቀ። የኪንድል ጥበብ ከቀለሙ ይልቅ በጀርባው ባለው መደብር ላይ ነው። አንባቢው ኮምፒዩተር ሳይነካ፣ ገመድ ሳይሰካ፣ ባለበት ሆኖ ከ90 ሺህ ያህል መጻሕፍት መርጦ ሲገዛ መጽሐፉ በአየር ላይ ይመጣለታል። ኪንድል እንግዲህ የመጽሐፍ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ የመጽሐፍ ሱቅ በርም ነበር።

አንባቢ የለም ያለው ሰውዬ

የአፕል ኩባንያ መሪ ስቲቭ ጆብስ በጃንዋሪ 2008 ስለ ኪንድል በጋዜጠኛ ተጠይቆ ሐሳቡን አጣጣለው። ዕቃው ጥሩ ሆነም መጥፎ ለውጥ አያመጣም፤ ሰው ማንበብ ትቷል የሚል ነበር የመልሱ ይዘት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 2010፣ ይኸው ሰው በሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ወንበር ላይ ዘና ብሎ ተቀምጦ «አይፓድ»ን አስተዋወቀ፤ ከአይፓዱ ጋርም የመጽሐፍ መደርደሪያና መሸጫ!

በወረቀት ላይ ከተመዘኑ አይፓድ በንባብ ረገድ ተሸናፊ ነው። 680 ግራም ይመዝናል፤ ከኪንድል እጥፍ በላይ ማለት ነው። ባትሪው 10 ሰዓት ያህል ይሠራል። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ መስተዋት ሆኖ የአንባቢውን ፊት መልሶ ያሳያል። ዋጋው ያኔ ከ499 ዶላር ይጀምር ነበር። ሆኖም ኤፕሪል 3 ቀን 2010 ለሽያጭ በወጣበት ዕለት ብቻ 300 ሺህ ያህል ተሸጠ። በዓመቱ፣ በኖቬምበር 2011፣ አማዞን ራሱ «ኪንድል ፋየር» የተባለ ባለ ቀለም ታብሌት በ199 ዶላር አቀረበ። ኪንድልን የወለደው ኩባንያ ለተፎካካሪው ወገን ልጅ ወለደለት ማለት ነው።

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል ያወጣቸው አኃዞች የፍልሚያውን ውጤት ይነግሩናል። በ2011 ከአሜሪካ አዋቂዎች መካከል 7 ከመቶው ለንባብ ብቻ በተሠራ መሣሪያ፣ 4 ከመቶው በታብሌት፣ 5 ከመቶው በስልክ መጽሐፍ ያነቡ ነበር። በ2016 የመጀመሪያው 8 ከመቶ ላይ ሲቆም ታብሌት ወደ 15፣ ስልክ ወደ 13 ከመቶ ወጡ። ለንባብ ብቻ የተሠራው ዕቃ አልሞተም፤ ዛሬም ወዳጆቹ አይለዩትም። ነገር ግን ከአዲሶቹ አንባቢዎች አብዛኞቹ አልመጡለትም። ምክንያቱ ተራ ነው። ሰው አንድ ዕቃ በእጁ ይዞ ሁለተኛ አይሸከምም። ለሥራ፣ ለደብዳቤ፣ ለወሬ የገዛው ሰሌዳ መጽሐፍም የሚያስነብበው ከሆነ ለመጽሐፍ ብቻ ሌላ ገንዘብ አያወጣም። ሁለተኛው ባላ ረታ።

የመጽሐፉ ባለቤት ማን ነው?

እስከዚህ የተነገረው የዕቃ ወሬ ነው። ከዕቃው ጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ይበልጥ ያሳስባል። በጁላይ 2009 በአሜሪካ የነበሩ አንዳንድ የኪንድል ባለቤቶች ገንዘብ ከፍለው የገዟቸው ሁለት መጻሕፍት ከመሣሪያቸው ውስጥ ጠፍተው አገኟቸው። ሻጩ መብቱ ሳይኖረው ያቀረባቸው ሆነው ስለተገኙ አማዞን ከሩቅ ሆኖ ሰርዟቸው ነበር፤ ገንዘቡንም መልሷል። ከጠፉት መጻሕፍት አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የጆርጅ ኦርዌል «1984»፤ መንግሥት የማይፈልገውን ጽሑፍ ወደ እሳት ስለሚጥልበት ዓለም የተጻፈው ልብ ወለድ! ቤዞስ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ደንበኞቹ የገዟቸው መጻሕፍት አብረው ተዘጉ። ገንዘቡ ተመለሰ፤ መጽሐፉ ግን ሄደ።

በማኅደር ያለውን ዳዊት ሻጩ ተመልሶ መጥቶ አይወስደውም። የአያት መጽሐፍ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። በመደብር ላይ የተመሠረተ ዕቃ፣ ለንባብ ብቻ የተሠራም ይሁን ታብሌት፣ ይህን አደራ ለመጠበቅ ቃል አይገባም።

ፊደል የሌለው ሰሌዳ

ወደ ራሳችን እንመለስ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ዳዊት ነው። ያተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሲሆን ቦታው ሮም፣ ዘመኑ 1513 ነው። ለኅትመቱ መጀመሪያ ፊደሎቹ በብረት መቀረፅ ነበረባቸው። መሣሪያ ቢኖር እንኳ ፊደሉ ካልተቀረፀለት ለእኛ ዲዳ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ነገሩ አልተለወጠም።

በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር አማርኛ የጻፈ ሰው መከራውን ያስታውሰዋል። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም የጽሕፈት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በራሳቸው ቁጥር ነበር የሚያውቁት። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያካትት እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ የሚታወቅበት አንድ ቁጥር አገኘ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩም ስልኩም ታብሌቱም ቀስ በቀስ ፊደላችንን ለማሳየት ቻሉ።

ለንባብ ብቻ የተሠራው መሣሪያ ግን ዘገየብን። የ2007ቱ ኪንድል የተሠራው ለላቲን ፊደል አንባቢ ነበር። በ2010 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ለሩስያ፣ ለቻይና፣ ለጃፓንና ለኮሪያ ጽሕፈት በሩን ሲከፍት የግዕዝ ፊደል ውጭ ቀረ። የመጀመሪያው ኪንድል ፒዲኤፍ የተባለውን የፋይል ዓይነትም በቀጥታ አይከፍትም ነበር። በአማርኛ በእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት መጻሕፍት አብዛኞቹ ደግሞ ገጻቸው አንድ በአንድ በስካነር የተነሣ የፒዲኤፍ ፎቶግራፎች ናቸው። ፎቶግራፍ እንደ ጽሑፍ እየታጠፈ ከስክሪኑ ስፋት ጋር አይስማማም። ስድስት ኢንች በሆነው የኪንድል ገጽ ላይ ፊደሉ እንደ ጤፍ ይደቅቃል፤ ለማጉላት ሲሞከርም ቀለሙ ቀርፋፋ ነው። አሥር ኢንች ገደማ በሆነው ታብሌት ላይ ግን አንድ የመጽሐፍ ገጽ ልክ በመጠኑ ይገባል፤ በሁለት ጣት ሲዘረጋም ይታዘዛል። በእኛ ዘንድ ታብሌትና ስልክ የበለጡት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ያመጡላቸውን ሁሉ ይከፍታሉ፤ ከየትኛው መደብር እንደተገዛ አይጠይቁም።

ወንጪና ወለንጪቲ

የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ የተጻፈው በአገራችን ገጠር ነው። የኤሌክትሮኒክ ቀለም የተወለደበትን የሚዲያ ላብራቶሪ በ1985 ከመሠረቱት አንዱ ፕሮፌሰር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ፣ በኋላ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ነበር። ድርጅቱ ያሠራት አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ ስክሪኗ በፀሐይ ብርሃን በጥቁርና ነጭ የሚነበብ፣ ሲታጠፍም የመጽሐፍ ቅርጽ የሚይዝ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩት ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም መጥተዋል።

በ2012 ድርጅቱ ከላፕቶፕ ወደ ታብሌት ተሻገረ። ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ አንዱ በወንጪ ሐይቅ ጉድጓድ ከንፈር ላይ፣ ሌላው በስምጥ ሸለቆ በወለንጪቲ፣ በየመንደሩ ወደ 20 ለሚሆኑ ሕፃናት ታብሌት ታደለ። አስተማሪ አልተላከም። የተሰጠው ታብሌቱና የፀሐይ ኃይል መሙያው ብቻ ነበር፤ አሞላሉም ለአዋቂዎቹ ታየ። ውስጡ የፊደል ጨዋታ፣ መጻሕፍትና ፊልም ተጭኖበታል፤ ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ ነው። ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ለስብሰባ ታዳሚዎች እንደተናገሩት ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙ፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ይዘምሩ ጀመር፣ በወራት ውስጥ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። ነገሩ ዓለምን አስደነቀ። ተጋንኗል ያሉ፣ ያለ አስተማሪ ትምህርት የለም ያሉም አልጠፉም።

ለእኛ ግን ከልጆቹ ብልሃት ጎን የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። ሰሌዳው ሁሉን ያውቃል፤ የልጆቹን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ግን ይዞ አልመጣም። ማንበብን ያለ አስተማሪ ይማሩ የተባሉት ሕፃናት ከእናታቸው ባልሰሙት ቋንቋ ነበር እንዲጀምሩ የተደረገው። ዕቃ ብቻውን አንባቢ አያደርግም፤ ውስጡ ያለው መጽሐፍ የማን እንደሆነም ይወስናል።

የምንከፍለው ዋጋ

ታብሌት አሸነፈ ስንል ግን በነፃ አላሸነፈም። በቦስተን የተካሄደና በ2014 መጨረሻ ይፋ የሆነ ጥናት 12 ሰዎችን ለተከታታይ ምሽቶች አንዴ በወረቀት፣ አንዴ በአይፓድ ከመኝታ በፊት አስነብቦ ነበር። በአይፓድ ያነበቡት እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ወደ 10 ደቂቃ ያህል ዘገዩ፤ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ቅመም በሰውነታቸው ቀንሶ ተገኘ።

ከእንቅልፍ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ልቡና ነው። ታብሌቱን ወደ ኢትዮጵያ ካመጡት ምሁራን አንዷ የንባብ ተመራማሪዋ ፕሮፌሰር ሜሪያን ዎልፍ ናቸው። እኚሁ ሴት በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ በወጣትነታቸው የወደዱትን የሄርማን ሄሰን ልብ ወለድ እንደገና ሊያነቡ ሞክረው እንዳቃታቸው ይናዘዛሉ። ስክሪን ላይ ከቃል ቃል መዝለል የለመደ ዓይናቸው በረጅሙ ዐረፍተ ነገር ላይ መቆም ተሳነው። መፍትሔያቸው በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እየተቀመጡ ራሳቸውን ማስለመድ ሆነ። ሁሉን አድራጊው ሰሌዳ በንባብ መካከል ወሬም ጨዋታም ያቀርባል። ሁለት ዛፍ ላይ የወጣች እግር አንዱንም አትጨብጥም ያሉት አበው ይህን ነበር።

ሦስተኛው ዋጋ የደራሲው ነው። ታብሌት ያመጡለትን ሁሉ የሚከፍት ከሆነ የተሰረቀውንም ይከፍታል ማለት ነው። አንድ ደራሲ ለዓመታት የደከመበት ሥራ ገጽ በገጽ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲለቀቅ የሚደርሰው ምስጋና እንኳ የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ይህን ይከለክላል፤ አዋጁ ግን ጣታችንን አይይዝም። ሕጋዊውን የአማርኛ ዲጂታል መጽሐፍ ለመሸጥ የተጀመሩ ሙከራዎችን መርዳት ያለብን እኛው አንባቢዎቹ ነን።

እንግዲህ ኪንድል ይሻላል ወይስ ታብሌት ለሚለን ሰው ምን እንመልስ? በእንግሊዝኛ ብዙ የሚያነብ፣ ማታ ማታ የሚያነብ፣ ወሬ የሚያዘናጋው ሰው ለንባብ ብቻ የተሠራውን ይያዝ፤ ለዓይኑም ለልቡም ይበጀዋል። የአማርኛ መጽሐፍ በፒዲኤፍ የሚያነብ ሰው ግን ታብሌቱን ቢይዝ አይፈረድበትም። ባይሆን ሲያነብ ኢንተርኔቱን ይዝጋው፤ ሰሌዳውን ለአንድ ሰዓት ማኅደር ያድርገው። ያነበበው መጽሐፍ ከደስ ያለውም ወደ መጽሐፍ መደብር ጎራ ብሎ አንድ ቅጂ ይግዛለት። ያኛውን ማንም ከሩቅ ሆኖ አይሰርዝበትም።